መርፌው እርግዝናን ይከላከላል፤ ኤች.አይ.ቪንስ?

በትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበባት ውይይት ላይ “ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ” ሲባል ቤቱ ጸጥ ይላል። “ስማችሁን ሳትጽፉ በወረቀት አቅርቡ” ሲባል ግን ወረቀቱ ይጎርፋል። ስለ ወሊድ መከላከያ ከሚመጡት ጥያቄዎች ውስጥ በጣም የሚደጋገመው አጭር ነው፦ “ከሁሉም የሚሻለው የቱ ነው?”

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን “ለማን? ደግሞስ ከምን ለመከላከል?” ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ጥንቃቄ ከጎደለው ግንኙነት ሁለት አደጋ ይመጣል። አንዱ ያልታሰበ እርግዝና ነው፤ ሌላው ኤች.አይ.ቪና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በደንብ የሚከላከል ዘዴ ሁለተኛውን ጨርሶ ላይከላከል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ እናወዳድራለን፤ ለእያንዳንዳቸውም ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። በተግባር ምን ያህል ያስተማምናል? ከተጠቃሚዋ ምን ይፈልጋል? ኤች.አይ.ቪንስ ይከላከላል ወይ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ለተማሪ ከሁሉም በላይ አስተማማኙ መከላከያ መታቀብ ነው። ወጪ የለውም፣ ቀጠሮ የለውም፣ ሁለቱንም አደጋ ይከላከላል። እስካሁን ያልጀመራችሁ “ፋራ ተባልኩ” ብላችሁ የምታፍሩበት ምንም ምክንያት የለም። እውቀቱ ግን ለሁላችሁም ያስፈልጋል። ነገ ትዳር ትመሠርታላችሁ፤ ዛሬም ያገባች እህት ወይም የምታማክራችሁ ጓደኛ ትኖራለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

ከየት ተነስተን የት ደረስን?

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ካገቡ 100 ሴቶች መካከል ማንኛውንም ዓይነት መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 41 ደርሷል። በ2008ቱ ጥናት የአገሪቱ አማካይ 36 ሲሆን የአማራ ክልል 47 ነበር። ለዚህ ለውጥ ከትልልቆቹ ምክንያቶች አንዱ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ሴቶች ከዓባይ በረሃ ዳገቱን ወጥተው መካነ ሰላም ከተማ መድረስ ሳይጠበቅባቸው በቀበሌያቸው ጤና ኬላ አገልግሎቱን እንዲያገኙ አስችሏል።

ታዲያ ከእነዚህ ዘዴዎች ውስጥ በብዛት የተመረጠው መርፌ ነው። በ2008ቱ ጥናት መከላከያ ይጠቀሙ ከነበሩት 36 ሴቶች 23ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ይህንን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘዴዎቹን እናወዳድር

ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች እንዲህ አንብቧቸው፦ 100 ሴቶች ዘዴውን ለ1 ዓመት ቢጠቀሙ፣ መርሳቱም መዘግየቱም ተደምሮ፣ ስንቶቹ ያረግዛሉ? ለማነጻጸር ያህል፣ ምንም መከላከያ ሳይጠቀሙ ግንኙነት ቢያደርጉ በዓመት ውስጥ 85 ያህሉ ያረግዛሉ።

1ኛ. እንክብል (ፒልስ)። ከ100 ሴቶች 7 ያህሉ ያረግዛሉ። በየቀኑ፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል። በብዛት የሚታደለው እሽግ 28 ፍሬ አለው፤ 21ዱ መከላከያው፣ 7ቱ የብረት ንጥረ ነገር ያላቸው ናቸው። እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳይወጣ ያደርጋል። በትክክል ከተወሰደ በጣም አስተማማኝ ነው፤ ችግሩ የሰው ልጅ መርሳቱ ነው። ለ2 ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ የዘለለች ሴት የረሳችውን እንዳስታወሰች መዋጥ፣ ለ7 ቀንም ኮንዶም መጨመር አለባት። የደም ግፊት ያለባት ሴት ሳትመረመር መጀመር የለባትም። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

2ኛ. የ3 ወር መርፌ (ዲፖ)። 4 ያህሉ ያረግዛሉ። በየ3 ወሩ ይወጋል፤ የየቀን ማስታወስ አይፈልግም፤ ቤት ውስጥ የሚገኝ እሽግም የለውም። ከሌላው የሚለየው ካቆሙት በኋላ እርግዝና የሚዘገይ መሆኑ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥንካሬን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲቆም ይመለሳል። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅ ይህን ከባለሙያ ጋር መነጋገር አለባት። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

3ኛ. በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው። ከ100 አንድም አትሞላም። ክብሪት እንጨት የሚያክል ለስላሳ ዘንግ ነው። ኢምፕላኖን የሚባለው አንድ ዘንግ ሲሆን ለ3 ዓመት፣ ጃዴል የሚባለው ሁለት ዘንግ ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። አንዴ ከገባ የሚረሳ ነገር የለም። ሲወጣ የማርገዝ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል። የወር አበባን ያዛባል፤ አንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ደም በየጊዜው ታያለች፣ አንዳንዷ ጭራሽ ታቆማለች። ለማስገባትም ለማስወጣትም የሰለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

4ኛ. ሉፕ። ይህም ከ100 አንድ አትሞላም። በባለሙያ ወደ ማህፀን የሚገባ መዳብ የተጠመጠመበት ትንሽ ዕቃ ነው። ሆርሞን የለውም፤ መዳቡ የወንዱን ዘር ያዳክማል። ቢያንስ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ በፈለገች ጊዜ ይወጣላታል። የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። የአባላዘር በሽታ ያለባት ሴት መጀመሪያ መታከም አለባት። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

5ኛ. ኮንዶም። የወንዱ ኮንዶም በሚጠቀሙ ጥንዶች ከ100 ሴቶች 13 ያህሉ፣ የሴቷ ኮንዶም በሚጠቀሙት 21 ያህሉ ያረግዛሉ። ቁጥሩ ከፍ ያለው ላስቲኩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። “ዛሬ ብቻ ያለሱ” ስለሚባል፣ ዘግይቶ ስለሚደረግ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም በኪስ ቦርሳ ውስጥ በሙቀት የተጎዳ ስለሚሆን ነው። በቫዝሊን ማለስለስ ላስቲኩን ያበላሻል፤ ሁለት ደርቦ ማድረግም ለመቀደድ ያጋልጣል። በሌላ በኩል ከዝርዝሩ ሁሉ ኤች.አይ.ቪንም እርግዝናንም የሚከላከለው ይኸው ብቻ ነው።

6ኛ. ቀን መቁጠርና “ውጭ መፍሰስ”። ከ100 ከ15 እስከ 20 ያህሉ ያረግዛሉ። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በአፍላ ዕድሜ ደግሞ የወር አበባ ቀን ብዙ ጊዜ አይረጋም። በመሆኑም “ዛሬ ሴፍ ነኝ” የሚለው ስሌት በእናንተ ዕድሜ ይበልጥ ይሳሳታል። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

7ኛ. ድንገተኛ መከላከያ (ፖስትፒል)። ስሙ እንደሚለው ለድንገተኛ ነው። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥርም በተሻለ ሁኔታ ይሠራል። እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ የተፈጠረ እርግዝናን አያስወርድም። በየሳምንቱ እንደ መደበኛ መከላከያ መውሰድ አያስተማምንም። ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም።

ከእነዚህ ሌላ የእንቁላል መተላለፊያ ቱቦ በቋጠሮ የሚዘጋበት ቀዶ ጥገና አለ። እሱ ግን ልጅ ወልደው ለጨረሱ ሰዎች እንጂ ለናንተ ዕድሜ የሚታሰብ አይደለም።

ሆድ ይታያል፤ ቫይረስ አይታይም

እስቲ ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩት። እርግዝናን በመከላከል የመጀመሪያውን ደረጃ የያዙት በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ናቸው፤ መርፌና እንክብል ይከተላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ሁሉም ወደቁ። ሦስተኛውን ያለፈው ኮንዶም ደግሞ በአንደኛው ጥያቄ ከነሱ ያነሰ ነው። “የሚሻለው የቱ ነው?” የሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ ያላገኘው ለዚህ ነው።

ታዲያ ወጣቶች በተግባር ለምን ወደ አንዱ ብቻ ያዘነብላሉ? በሶሲዮሎጂ ትምህርት ከሚነሱ ነገሮች አንዱ፣ ሰው አደጋን የሚፈራው በትልቅነቱ ብቻ ሳይሆን በሰው ዓይን ውስጥ በመግባቱ ጭምር መሆኑ ነው። እርግዝና ይታያል። በጥቂት ወራት ውስጥ ቤተሰብ ያውቀዋል፣ ሰፈር ያወራበታል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ኤች.አይ.ቪ ግን ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች የሚታየውን አደጋ በመርፌ ዘግተው የማይታየውን ይረሱታል። የበረቱን በር ለጅብ ዘግቶ በጓሮ በኩል ክፍት እንደመተው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንበልና አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከወደ ዓባይ ሸለቆ ካለ ቀበሌ መጥታ መካነ ሰላም ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ስንቅ ከቤተሰብ ይመጣላታል። የወንድ ጓደኛ አላት። መጀመሪያ ላይ ኮንዶም ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ ሰው መከራት፤ መርፌ ተወጋች። በዚያው ሳምንት ልጁ “እንግዲህ መርፌ ወስደሽ የለ፣ ኮንዶሙ ምን ያደርጋል?” አላት። እሷም መልስ አጣች፤ ለሷም ችግሩ ያለቀ መስሏት ነበርና። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ግዴለሽም አይደለችም፤ እንዲያውም ቀጠሮዋን የምታከብር ጠንቃቃ ልጅ ናት። ጎድሎባት የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “መርፌው ለእርግዝናው ነው፤ ኮንዶሙ ለኤች.አይ.ቪው ነው።” ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙት፤ ለወንዶቹም ለሴቶቹም ነው።

ባለሙያዎች ይህንን ጥምር መከላከያ ይሉታል። ኮንዶሙ ቢቀደድ መርፌው ወይም ክንድ ላይ ያለው ዘንግ እርግዝናውን ይይዛል፤ የመርፌው ቀን ቢያልፍ ኮንዶሙ አለ።

“መርፌው ራሱ ለቫይረሱ ያጋልጣል” ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ተራ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ሳይንቲስቶችም ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተዋል። መልስ ለማግኘት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኢስዋቲኒ 7,800 ያህል ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ሴቶቹ በሦስት ተከፍለው አንዱ ቡድን ዲፖ፣ ሁለተኛው ሉፕ፣ ሦስተኛው በክንድ የሚቀበረውን ወሰዱ። በሦስቱ ቡድኖች መካከል በቫይረሱ በመያዝ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ መርፌ የወሰደች ሴት በመርፌው ምክንያት አትደንግጥ።

የጥናቱ ሌላኛው ውጤት ግን ያስደነግጣል። ከተሳታፊዎቹ 397ቱ በጥናቱ ጊዜ በቫይረሱ ተይዘዋል። ሦስቱም ዘዴዎች እርግዝናን በደንብ ይከላከሉ ነበር፤ ቫይረሱን ግን አንዳቸውም አላቆሙትም። በአገራችንም በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው ሴቶች 1.2 በመቶ፣ ወንዶች 0.6 በመቶ ነበሩ። የሴቶቹ እጥፍ ነው ማለት ነው።

ሌሎች የምንሰማቸው ወሬዎች

“መርፌ መሃን ያደርጋል።” አያደርግም። ካቆሙት በኋላ እርግዝና እንደሚዘገይ ከላይ አይተናል፤ መዘግየትና መሃንነት ግን የተለያዩ ናቸው።

“የወር አበባ ከቆመ ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል።” አይጠራቀምም። የወር አበባ የሚመጣው የማህፀን ግድግዳ በየወሩ አድጎ ሲፈርስ ነው። በመርፌውና በዘንጉ ጊዜ ግድግዳው ስለማያድግ የሚፈርስም፣ የሚጠራቀምም ነገር የለም።

“ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል፤ ክንድ ላይ ያለው ዘንግ ለእርሻና ለውሃ መቅዳት ያስቸግራል።” ማህፀንና ልብ በዚያ መልኩ የሚገናኙበት መንገድ የለም። ዘንግ ያስገባች ሴትም ቁስሉ እንደዳነ እንሥራዋን ተሸክማ የዕለት ሥራዋን መሥራት ትችላለች።

አንድ እውነተኛ ማሳሰቢያ ግን አለ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድሃኒትና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድሃኒቶች የእንክብልንና የክንዱን ዘንግ ኃይል ይቀንሳሉ። ማንኛውንም መድሃኒት የምትወስድ ሴት ለባለሙያው አስቀድማ ትንገር።

በእኛ አካባቢ ስትመርጡ

መጽሐፍ ላይ ጥሩ የሆነ ዘዴ በቦረና ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጥሩ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ መርፌ በዓመት 4 ጊዜ ጤና ተቋም መድረስን ይጠይቃል። ክረምት ወንዝ ሲሞላስ? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ 4 ሳምንት ዘግይታ የመጣች ሴት መርፌውን ልትወጋ እንደምትችል ይገልጻል። ከዚያ ካለፈ ግን በመጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ መመላለስ ለሚከብዳት ያገባች ሴት የ3 ዓመቱ ወይም የ10 ዓመቱ ዘዴ ሊመቻት ይችላል። መድረሱ ለሚቀላት፣ በቅርቡም ልጅ ለምትፈልገው ደግሞ እንክብል ሊሻል ይችላል። ኮንዶም ደግሞ ቀጠሮም ባለሙያም ስለማይፈልግ አስቀድሞ ገዝቶ ወይም ከጤና ጣቢያ ወስዶ ማስቀመጥ ይቻላል።

“ጤና ጣቢያ ብሄድ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል” የምትሉም አላችሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ስጋት ተራ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለሙያው የነገራችሁትን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች ምቹ የሆነ አገልግሎት የሚሰጡበት ክፍል አላቸው፤ “የወጣቶች አገልግሎት የቱ ጋ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ የምታምኗትን ታላቅ እህት ወይም መምህርት ይዛችሁ ሂዱ።

ወንዶች፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው

ሰባቱን ዘዴ ስትቆጥሩ አብዛኞቹ በሴቷ አካል ላይ የሚውሉ ናቸው። ወሩን የምትቆጥረው እሷ፣ ደሙ የሚዛባባት እሷ፣ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ናት። በወንዱ እጅ ያለው ኮንዶም ነው። “ካመንሽኝ ያለ ኮንዶም” የሚለው ንግግር የፍቅር ማረጋገጫ አይደለም። መተማመን የፈለገ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ፤ አንድ ለአንድ ይወሰኑ። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድሃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ሲደርስና እዚያው ሲቆይ በግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ግን በምርመራ እንጂ በመልክ አይደለም።

ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳርም በሕግ የተከለከለ መሆኑን አትርሱ። “ታገባለች፣ መከላከያ ትወስዳለች” የሚለው ምክር ሕጉን አያስቀይርም። የክፍል ጓደኛችሁ ልትዳር መሆኑን ከሰማችሁ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቶሎ ንገሩ።

72 ሰዓትን አትርሱ

አንዲት ልጅ ተገድዳ ከተደፈረች፣ ወይም ኮንዶም ከተቀደደ፣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ሁለት ነገር ማግኘት ትችላለች፦ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያና ኤች.አይ.ቪ እንዳይዛት ለ28 ቀን የሚወሰደውን መድሃኒት። ሁለቱም በቶሎ ሲጀመሩ ይበልጥ ይሠራሉ። ፖስትፒል ብቻ ገዝታ ቤቷ የገባች ልጅ አንዱን ብቻ ነው የተከላከለችው። ስለዚህ “ፋርማሲ ደርሼ መጣሁ” ብላ የምትነግራችሁ ጓደኛ ካለች “ለሌላውስ?” ብላችሁ ጠይቋት፤ እስከ ጤና ጣቢያው በርም ሸኟት።